ሕገ መንግሥቱ በቅንፍ ሲነበብ

የአገራችን የፖለቲካ ክርክር አንድ የታወቀ ጠባይ አለው፤ ተከራካሪው አፉን ሲከፍት ቁጥር ይጠራል። አንዱ «ሠላሳ ዘጠኝ!» ይላል። ሌላው «አርባ ሰባት!» ብሎ ይመልሳል። ቁጥሩ ከተጠራ በኋላ ግን መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብ አይገኝም፤ ቁጥሩ ራሱ ሰንደቅ ሆኗልና። በደጋፊ እጅ ይውለበለባል፣ በተቃዋሚ እግር ይረገጣል፤ በሁለቱም ዘንድ አይነበብም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብሁት የትኛው አንቀጽ ይቆይ፣ የትኛው ይሰረዝ በሚለው ጉዳይ ላይ አይደለም። ስለዚያ ብዙ ቀለም ፈስሷል፤ ከቀለም የከበደም ፈስሷል። የእኔ ጉዳይ ከዚያ ዝቅ ያለ፣ ምናልባትም ከዚያ የቀደመ ነው፦ የሰነዱ ቅርጽ። ሕግ ሁሉ ዛፍ ነው። ይህን ለንግግር ማሳመሪያ አላልሁትም። ምዕራፍ ከሰነዱ ይበቅላል፤ አንቀጽ ከምዕራፍ፣ ንዑስ አንቀጽ ከአንቀጽ፣ የፊደል ተራውም ከንዑስ አንቀጹ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን 11 ምዕራፎችና 106 አንቀጾች አሉት። አንድ ቅጠል ቀጥፎ «ዛፉ ይህ ነው» ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉ ግን በእጅ ላይ ይደርቃል።

ዝናብና ቅንፍ

ይህን ዛፍ በዓይኔ ያየሁት ቦንጋ ከተማ ነው። የከፋን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ ዝናብ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ነው። ከጅማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በደን መካከል የሚጠማዘዘውን መንገድ ጨርሶ ቦንጋ የደረሰ ሰው፣ እንግዶቹ መብራትና ኢንተርኔት መሆናቸውን ቶሎ ይረዳል፤ ሲመጡ ይቀበላቸዋል፣ ሲሄዱም ይሸኛቸዋል። እኔም በዚያ ክረምት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ያረጀ ላፕቶፕ የማያስጨንቅ አንድ ፕሮግራም ነበረኝ። ኢማክስ ይባላል።

ኢማክስ ጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ጂኤንዩ ኢማክስ በሚል ስም ለሕዝብ ያወጣው ይህ ፕሮግራም አብዛኛው አካሉ የተጻፈው በሊስፕ ቋንቋ ነው፤ ተጠቃሚውም በዚያው ቋንቋ እንደ ፍላጎቱ ሊለውጠው ይችላል። ሊስፕ ራሱ የጆን መካርቲ ፈጠራ ሲሆን ውልደቱ እ.ኤ.አ. 1958 ነው፤ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች እጅግ ከቆዩት አንዱ ነው። በሊስፕ ዓለም ዋናው ዕቃ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝርም በቅንፍ ይታቀፋል። ዝርዝር በሆዱ ሌላ ዝርዝር ይይዛል፣ ያም ሌላ። ለዛፍ ከዚህ የተመቸ ልብስ የተሰፋ አይመስለኝም። የተከፈተ ቅንፍ ሁሉ መዘጋት አለበት፤ አንዱ ሳይዘጋ ከቀረ ፕሮግራሙ አልሠራም ብሎ ይቆማል። የአገራችንን ፖለቲካ በሊስፕ ጽፈነው ቢሆን ኖሮ ስንት ጊዜ በቆመ ነበር!

ለእኛ ደግሞ ኢማክስ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ከማካተቱ አስቀድሞ፣ ታካሃሺ ናኦቶ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ የግዕዝ ፊደል በዚህ ፕሮግራም እንዲጻፍ የሚያስችለውን ክፍል ሠርተው ነበር። ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች ለመወከል ያገለገለው ሥርዓት ደግሞ የዳንኤል ያዕቆብና የይትና ፍርድይወቅ ሥራ ነው። የሥርዓቱ ምህጻረ ስም በእኛ ፊደል ሲነበብ «ሴራ» ይሆናል። በአገራችን ከሴራ የተገኘ በጎ ነገር ቢፈለግ ይኸው አንድ ተገኘ።

አሰሳ

በኢማክስ ውስጥ ኦርግ የሚባል ክፍል አለ፤ በኔዘርላንድ የሚሠሩት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ካርስተን ዶሚኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመሩት ነው። በኦርግ የርእስ ደረጃ የሚታወቀው በኮከብ ምልክት ነው። ለምዕራፍ አንድ ኮከብ፣ ለአንቀጽ ሁለት፣ ለንዑስ አንቀጽ ሦስት፣ ለፊደል ተራው አራት። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሚያትም፣ ከዚያ እንዳለ መቅዳት ሁለቱን ቋንቋ ያደባልቃል። ስለዚህ አማርኛውን ለብቻው አሰናዳሁና ኮከቦቹን በየቦታቸው ተከልሁ። የጥቂት ምሽቶች ሥራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን «ተንትን» ማለት ብቻ ነው። ሰነዱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ወደ ቅንፍ ይለውጠዋል። አንቀጽ 47ን ቃላቱን ትተን አጽሙን ብቻ ብናስቀር ይህን ይመስላል፦

(አንቀጽ 47
  (ንዑስ 1፦ የክልሎች ዝርዝር)
  (ንዑስ 2፦ የራስን ክልል የማቋቋም መብት)
  (ንዑስ 3፦ የመብቱ አፈጻጸም
    (ሀ) (ለ) (ሐ) (መ) (ሠ))
  (ንዑስ 4፦ የክልሎች እኩልነት))

የአብነት ትምህርት ቤት የቆየ ሰው ይህን አይቶ አይደነቅም። የግዕዙን አገባብ ሲያወጣ፣ ቃል ከቃል እንዴት እንደሚያያዝ ሲፈታ፣ በአንድ ንባብ ሥር «አንድም»፣ «አንድም» እያለ ትርጓሜ ሲደረድር የኖረ ነው። ጥበቡ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ማሽን ሳይታክት የሚያደርገው መሆኑ ነው።

ዛፉ ከተገኘ በኋላ አሰሳው ይቀጥላል። አሳሹ ከሥሩ ይነሣል፤ በመጀመሪያው ቅርንጫፍ ገብቶ እስከ ቅጠሉ ይወርዳል፤ ተመልሶ ወደ ሁለተኛው ይገባል። በዚህ አኳኋን አንድም አንጓ ሳይጎበኝ አያልፍም። ነገር ግን ሥራውን የሚያሳጥሩ ሁለት ትእዛዞች ሊሰጡት ይችላሉ። አንደኛው «የምትፈልገውን መጀመሪያ ባገኘህበት ቁም» የሚል ነው። ሁለተኛው «እንዲህ ያለ አንጓ ስታገኝ ወደ ውስጥ አትግባ» የሚል ነው። ሁለቱም ጊዜ ይቆጥባሉ። ሁለቱም፣ ለምን እንደሰጣቸው በማያውቅ ሰው እጅ፣ ሰነዱን ያሳስታሉ።

እንግዲህ ክርክራችንን በዚህ ዓይን እንየው። አንቀጽ 39ን የሚያመልከውም የሚረግመውም «መጀመሪያ ባገኘህበት ቁም» የተባለ አሳሽ ነው። ሁለቱም ንዑስ አንቀጽ 1 ላይ፣ መገንጠል የሚለው ቃል ላይ ደርሰው ቆመዋል። ወደ ንዑስ አንቀጽ 4 ቢወርዱ አምስት ደረጃ ያለው ሥነ ሥርዓት ያገኙ ነበር፦ የሕግ አውጪ ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ የሚዘጋጅ ሕዝበ ውሳኔ፣ የአብላጫ ድምፅ፣ የሥልጣን ርክክብ፣ የሀብት ክፍፍል። ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ቋንቋና ታሪክ አለ። ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ራስን የማስተዳደርና በፌዴራልና በክልል አስተዳደር ሚዛናዊ ውክልና የማግኘት መብት አለ። በቦንጋ፣ በጊምቦ ወይም በጨና የሚኖር ሰው በየዕለቱ የሚነካው ቅጠል ይህ ሦስተኛው ነው፤ ማንም ግን ስሙን ጠርቶ አይሟገትበትም።

ማቅለል

የኢማክስ ዛፍ እንደ ወረደ ሲታይ ለሰው ዓይን የሚነበብ አይደለም። እያንዳንዱ አንጓ ከስሙ ሌላ ብዙ ሸክም አለበት፦ በፋይሉ ውስጥ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቦታ፣ የርእሱ ደረጃ፣ ከኋላው የተተዉ ባዶ መስመሮች ብዛት። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ወላጁን መያዙ ነው። ወላጅ ልጁን አቅፏል፤ ልጁ ወላጁን ያመለክታል፤ ወላጁ ያንኑ ልጅ አቅፏል። ይህን ሁሉ ተከትሎ ልዘርዝር ያለ ሰው ክብ ውስጥ ይሽከረከራል።

ስለዚህ ማቅለል ግድ ነው። አጭር ተግባር ጻፍሁ። የአንጓውን ዓይነት፣ ቁጥሩን፣ ርእሱንና ልጆቹን ያስቀራል፤ የቀረውን ይጥላል። የወጣው ዛፍ እጅግ ያማረ ነበር። በጥቂት ገጾች ውስጥ የአገሪቱ ሕግ አጽም ቁልጭ ብሎ ታየ።

የማቅለል ሥራ ግን አንድ ሕግ አለው። ምን መጣል እንደሚቻል የሚታወቀው ምን እንደሚጠየቅ ሲታወቅ ነው። ሰነዱን ለማተም ወላጅ አያስፈልግም። አንድ ቅጠል ይዞ «ይህ ከማን ነው የበቀለው? ከዚያስ በላይ ማን አለ?» ለማለት ግን ወላጅ የግድ ያስፈልጋል። ወደ ወላጅ የሚወስደው ክር ከተበጠሰ፣ ቅጠሉ ባለቤቱን የሚያገኝበት አንድ መንገድ ብቻ ይቀራል፦ እንደገና ከሥሩ ተነሥቶ ዛፉን በሙሉ ማሰስ። ወላጁን የጣለ ዛፍ ከላይ ወደ ታች ይሠራል፤ ከታች ወደ ላይ ግን ደንቆሮ ነው። ማንኛውም ትንሽ ጥያቄ ከግንዱ ካልጀመረ መልስ አያገኝም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስጽፍ ስለ ኮምፒዩተር ብቻ የማወራ መስሎህ እንደማይሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

የከፋ ወላጅ ማን ነው?

አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ የነበሩ አዛውንት ቡና ሊጠጡ መጥተው ቅንፎቹን አዩ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የአገሪቱ ሕግ እንደሆነ፣ ማሽኑም የፈለጉትን ቃል ፈልጎ ከነቦታው እንደሚያወጣ ነገርኋቸው። «እንግዲያው ልጄ፣ ከፋን ፈልግልኝ» አሉ። ፈለግሁ። መልሱ «ኒል» ሆነ፤ በሊስፕ ቋንቋ ኒል ማለት ባዶ ዝርዝር፣ ምንም ማለት ነው። «ዞንስ?» አሉ። ኒል። ሕገ መንግሥቱ የሚዘረዝረው ክልሎችን ነው፤ ከክልል በታች የሚኖረውን እርከን በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለክልሎች ተወው፤ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥም አዘዘ። ይህን አስረዳኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አባቴም እኔም ከዚህች ኮረብታ አልተነሣንም። እኛ ተቀምጠን ነው አገሩ በላያችን ላይ የሚለዋወጠው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የከፋን የወላጅ መዝገብ እንቁጠር። እ.ኤ.አ. በ1897 የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስኪያዙ ድረስ ከፋ ራሱ ሥር ነበር፤ ወላጅ አልነበረውም። ንጉሡም ቢሆን ብቻውን አልነበረም፤ ሚክሬቾ የሚባል የመማክርት ሸንጎ አጠገቡ ነበር። በኋላ ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም ክፍለ ሀገር ሆነ፤ ዋና ከተማውም ጅማ ነበር። በዚያ ዛፍ ላይ ጅማ ከከፋ ሥር ትገኝ ነበር፤ ዛሬ ጅማ በኦሮሚያ ናት። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 አሥራ አራት ክልሎች ሲሰየሙ ከፋ በክልል 11 ውስጥ ገባ። ክልል 7 እስከ 11 ተጠቃለው ደቡብ ሲባሉ ከፋም አብሮ ሄደ፤ በመጀመሪያ የከፊቾ ሸኪቾ ዞን ተብሎ፣ ሸካ ከተለየ በኋላ ደግሞ ከፋ ዞን ተብሎ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ ተመሠረተ፤ ከፋም አዲስ ወላጅ አገኘ። የአዛውንቱ ቤት በአንድ ሰው ዕድሜ አምስት ወላጅ ቆጠረ፦ ጠቅላይ ግዛት፣ ክፍለ ሀገር፣ ክልል 11፣ ደቡብ፣ ደቡብ ምዕራብ።

ይህንን የምለው የመጨረሻውን ለውጥ ለመንቀፍ አይደለም። በድምፅ የተወለደ ልጅ ነው። በከፋ ምድር ደግሞ ወላጅን ሕዝቡ ሲመርጥ ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል። የክልሉ መንግሥት የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫም ቦንጋ ሆነች፤ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫም የክልል ከተማነቱን ተጋሩ። ለደቡብ አቤት ለማለት እስከ ሐዋሳ ይጓዝ ለነበረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ወደ ሰነዱ ስንመለስ ሌላ ጉድ ይጠብቀናል። አንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 1ን «ልጆችህን ቁጠር» ብለው ዘጠኝ ይላል። ከመካከላቸው ሰባተኛው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ነው። በምድር ላይ ያሉት ክልሎች ግን አሥራ ሁለት ናቸው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ድምፅ ሰጥቶ ወጣ። ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ድምፅ ሰጥተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሆኑ፤ የቀሩት ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባሉ። ሰነዱ ላይ አንድ አንጓ፣ መሬት ላይ አራት።

ሕጋዊነቱ እንደማያጠያይቅ የሚከራከሩ ወገኖች የሚይዙት ቅጠል አላቸው፤ አንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 3 ፊደል ሠ በሕዝበ ውሳኔ የተፈጠረ ክልል ያለ ተጨማሪ ጥያቄ በቀጥታ የፌዴሬሽኑ አባል እንደሚሆን ይናገራል። መልካም። ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ ካየነው ግን ንዑስ አንቀጽ 3 የሚናገረው ስለ አንድ ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ ጥያቄ ነው። በ2014 የተወለደው ክልል ግን አምስት ዞኖችና ኮንታ ልዩ ወረዳ በአንድ ቀን በአንድ ሳጥን ተጣምረው የፈጠሩት ነው። የከፋ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. የጠየቀው ለብቻው ክልል ለመሆን ነበር፤ ያገኘው በጥምረት ነው። ምናልባት ጥምረቱ የተሻለ ይሆናል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ቢሰባሰብ ማን ይጠላል? ነገር ግን ዛፉን ስናሻሽል ሰነዱን ካላሻሻልን፣ ነገ ሌላው ጠያቂ የትኛውን ይያዝ? የተጻፈውን ወይስ የተደረገውን? ሰነዱን የማረም መንገድ ተዘግቶ አይደለም። በአንቀጽ 105 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ሲቀበሉት ይታረማል።

ከቅጠል ወደ ግንድ

አዛውንቱ ያን ዕለት ከመነሣታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እስከ ዛሬም ከአእምሮዬ አልጠፋም። «እኛ በመጽሐፉ ውስጥ ባዶ ከሆንን፣ አቤት የምንለው በየት በኩል ነው?»

ትእዛዝ ከግንድ ወደ ቅጠል መውረድ ነው። አቤቱታ ከቅጠል ወደ ግንድ መውጣት ነው። የአስተዳደር ዛፋችን የመጀመሪያውን ጠንቅቆ ያውቃል። ዕቅድ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሳይደናቀፍ ይወርዳል፤ አንድም አንጓ ሳይጎበኝ አያልፍም፤ የቡና ዕቅድም፣ የግብር ዕቅድም፣ የስብሰባ ጥሪም። ጥያቄ ግን ከቀበሌ ተነሥቶ ሲወጣ አንዱ አንጓ ላይ ደርሶ ክሩን ያጣል። «ይህ የእኛ አይደለም፣ የበላይ ነው» ይባላል። የበላዩ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ኒል ነው። ስለዚህ ባለጉዳዩ በደረጃው መውጣቱን ትቶ በቀጥታ ከግንዱ ለመጀመር አዲስ አበባ ይገባል። እርከን ሁሉ እያለ ሁሉም ነገር ማዕከል ላይ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ የፌዴራል ሥርዓቱ ስላነሰ ወይም ስለበዛ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ክሩ በሰነዱ ላይ መኖሩ ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ኃላፊነቱን ያጓደለ ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው የማንሣት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ይደነግጋል። እነዚህ የዛፉ ወደ ላይ የሚወጡ ክሮች ናቸው። ቁጥራቸውን በሰልፍ ላይ የጮኸ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። «አሥራ ሁለት!» ብሎ የተሟገተ ፓርቲ አለን? ገዢውም ተቃዋሚውም ሕገ መንግሥቱን ሲያቀልሉ መጀመሪያ የሚጥሉት ይኸንኑ ነው፤ ሁለቱም ዛፉን የሚፈልጉት ከላይ ሆነው ለመውረድ ነውና።

እኔ በበኩሌ ተግባሩን እንደገና ጻፍሁት። በአዲሱ አጻጻፍ እያንዳንዱ አንጓ ወላጁን በሙሉ አይሸከምም፤ ስሙንና ቁጥሩን ብቻ ይይዛል። «ፊደል ሠ፤ ወላጅ፦ ንዑስ 3፤ የወላጁ ወላጅ፦ አንቀጽ 47።» ክቡ ተበጠሰ፣ መንገዱ ግን አልጠፋም። ዛፉ ቀላል ነው፤ ቅጠሉም የማን እንደሆነ ያውቃል። የሰባት ቤት አያቱን ቆጥሮ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስተማር አያስፈልገውም ነበር። የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶቻችን በራቸው ላይ የሚለጥፉት ማስታወቂያ ስለ ራእይና ተልእኮ ብቻ ከሚሆን፣ አንድ መስመር ቢጨመርበት ምን ይጎዳል? «በእኛ ሥራ ቅር ቢሰኙ ከእኛ በላይ ያለው እገሌ ነው፤ በዚህ ቦታ ይገኛል፤ በዚህን ያህል ቀን ይመልሳል» የሚል። ይህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ወደ ላይ ለመታየት መፍቀድን ብቻ ነው።

ክልል ይጨመር፣ ክልል ይቀነስ በሚለው ላይ ገና ብዙ እንከራከራለን፤ እንከራከርም። አሥራ ሁለቱ ሃያ ቢሆኑ ወይም አምስት ቢሆኑ ግን፣ ወላጁን የማያውቅ ቅጠል በየትኛውም ዛፍ ላይ ብቸኛ ነው።

ቸር እንሰንብት።